ከማጀት ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ ማጀት፤ ኮልሽ የተባለው የኮሎኝ ቢራ ታሪክ

የአንድ ሕዝብ ባህል በዜማው፣ በሥዕሉና በሥነ ጽሑፉ ብቻ አይለካም። ሰው ዘርቶና አጭዶ፣ ፈጭቶና ጋግሮ፣ ብቅል አብቅሎና መጠጥ ጠምቆ ከተፈጥሮ ጋር የሚያካሂደው የዕለት ተዕለት ግብግብም የባህሉ ዋነኛ ክፍል ነው። የታላላቅ ሕንፃዎች ታሪክ ሲጻፍ የኖረ ሲሆን፣ በጋን ግርጌ የቀረው አተላ ግን ታሪክ ጸሐፊ ብዙም ሳይጎበኘው ቆይቷል። ይሁን እንጂ የአንድን ከተማ መጠጥ ማን ጠመቀው? በማን ፈቃድ ጠመቀው? ጥቅሙስ ለማን ሆነ? ብሎ የጠየቀ ሰው የዚያን ከተማ ታሪክ ከሥሩ ያገኘዋል።

በጀርመን አገር በራይን ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው ኮሎኝ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከተማይቱ በ1248 ተጀምሮ በ1880 በተፈጸመው ካቴድራሏ በዓለም ትታወቃለች። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነዋሪዎቿ ግን ከካቴድራሉ ባላነሰ የሚኮሩበት ሌላ ሀብት አላቸው፤ እርሱም ኮልሽ የተባለው ፈዘዝ ያለ ወርቃማ መልክ ያለው ቀላል ቢራ ነው። ኮልሽ የሚለው ቃል የከተማይቱ ሕዝብ የሚናገረው ቀበሌኛ መጠሪያም ነው። አንደበቱንና መጠጡን በአንድ ስም የሚጠራ ሕዝብ መጠጡን ከማንነቱ ጋር ምን ያህል እንዳቆራኘው ከዚሁ መረዳት ይቻላል።

ኮልሽ ጥንታዊ ነው ይባላል። በእርግጥም ሥሩ ጥንታዊ ነው። መልኩና ስሙ ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ውጤቶች ናቸው። በሥሩና በመልኩ መካከል ያለው ርቀት የብዙ ትግል ታሪክ ያለበት ነው።

ባልትናና ግብር

በመካከለኛው ዘመን ኤውሮፓ ቢራ መጥመቅ ዳቦ ከመጋገር ያልተለየ የቤት ሥራ ነበር። ገብሱን ዘፍዝፎ ማብቀል፣ ማድረቅ፣ መፍጨት፣ በሙቅ ውኃ ማሸትና ማጥለል በአብዛኛው የሴቶች ድርሻ ነበር። መጠጡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚሆመጥጥ ብዙ ተጠምቆ አይቀመጥም፤ ጥቂት ጥቂት እየተጠመቀ ቶሎ ቶሎ ይጠጣል። ከቤተሰቡ የተረፈውን ለጎረቤት መሸጥ የተለመደ ነበር። ስለዚህ የከተማ ቢራ ንግድ የተወለደው በማጀት ነው ማለት ይቻላል።

ከማጀቱ ጎን ለጎን ገዳማት ከፍ ባለ መጠን ይጠምቁ ነበር። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የተነደፈው የቅዱስ ጋለን ገዳም ፕላን ሦስት የመጥመቂያ ቤቶችን ያሳያል፤ አንዱ ለመነኮሳቱ፣ አንዱ ለክቡራን እንግዶች፣ አንዱም ለተሳላሚዎችና ለድሆች። ኅብረተሰቡ በመደብ የተከፋፈለ በነበረበት ዘመን መጠጡም እንደዚያው በመደብ ተከፍሎ ይጠመቅ እንደነበር ይህ ንድፍ በግልጽ ይመሰክራል።

ጌሾ በጠላ ላይ የሚሠራውን ሥራ በቢራ ላይ የሚሠራ፣ ማለትም ጣፋጩን የብቅል ጭማቂ የሚያመርርና ቶሎ እንዳይበላሽ የሚረዳ ዕፅ ያስፈልጋል። በራይን አካባቢ ለዚህ አገልግሎት ይውል የነበረው «ግሩት» የሚባል የልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠሎች ድብልቅ ነበር። ይህን ቅመም የማዘጋጀትና የመሸጥ መብት ደግሞ የጠማቂዎቹ ሳይሆን የመሬት ጌቶች ነበር። በኮሎኝ የመብቱ ባለቤት ሊቀ ጳጳሱ ነበሩ። ጠማቂዋ ገብሱን ከማሳዋ፣ ውኃውን ከጉድጓዷ ብታገኝም ቅመሙን ከጌታው መደብር መግዛት ግዴታዋ ነበር። ግብሩ በቅመሙ ዋጋ ውስጥ ተሸሽጎ ይሰበሰባል። ጌታው ጋን ሳያጥብና እሳት ሳያነድ ከእያንዳንዱ ጋን ድርሻውን ያገኝ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሥርዓት ከውስጥ ያናጋው ሆፕስ የተባለው ሐረግ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በራይን ዳር በቢንገን አጠገብ የኖሩት እመምኔት ሒልደጋርድ (1098–1179) ስለ ዕፀዋት በጻፉት መጽሐፍ ሆፕስ መጠጥን ከመበላሸት እንደሚጠብቅ አመልክተዋል። ሐረጉ በየአጥሩ የሚበቅል በመሆኑ እንደ ግሩት በአንድ ጌታ እጅ በቀላሉ ሊታፈን አልቻለም። በሆፕስ የተጠመቀ ቢራ ሩቅ መንገድ ተጉዞ ሳይበላሽ ስለሚደርስ፣ እንደ ብሬመንና ሐምቡርግ ያሉ የሰሜን ወደቦች በርሜሉን በመርከብ እየጫኑ ይነግዱበት ጀመር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሆፕስ የገባበት፣ ከገብስና ከስንዴ ብቅል የሚጠመቅ «ኮይተ» የሚባል ቢራ በኮሎኝ ተስፋፋ። ግሩቱም ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ። ግብሩ ግን አልጠፋም፤ መልኩን ለውጦ በብቅልና በቢራ ላይ ተጣለ።

የ1396 ለውጥና ሁለት ገጽታዎቹ

ኮሎኝ ከሊቀ ጳጳሷ ጋር የነበራት ቅራኔ በ1288 በቮሪንገን የጦር ሜዳ ተፈታ። የከተማይቱ ሕዝብና ተባባሪዎቹ ድል ካደረጉ በኋላ ሊቀ ጳጳሱ በከተማይቱ ላይ የነበራቸው የገዥነት ሥልጣን ተሰበረ። ይሁን እንጂ በጳጳሱ ወንበር የተቀመጡት ሠርቶ አደሮች ሳይሆኑ ጥቂት ባለጸጋ ቤተሰቦች ነበሩ። በ1370 ሸማኔዎች ተነሥተው የከተማይቱን አስተዳደር ቢይዙም በ1371 በደም ተመቱ። ከዚያ በኋላ 25 ዓመት ቆይቶ በ1396 ነጋዴዎችና የዕደ ጥበብ ባለሙያዎች ተባብረው የቤተሰቦቹን አገዛዝ ገለበጡ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር «የኅብረት ደብዳቤ» የተባለውን ሕገ መንግሥት አወጁ። በዚህ ሕግ መሠረት የከተማይቱ ዜጎች በ22 ማኅበራት ተደለደሉ፤ ምክር ቤቱም ከእነዚህ ማኅበራት በሚመረጡ ሰዎች እንዲመሠረት ተደረገ። ጠማቂዎች ከነዚህ ከ22ቱ አንዱ ነበሩ። ትናንት ቅመሙን ከጌታው መደብር ይገዛ የነበረው ጠማቂ ዛሬ ድምፅ ያለው ዜጋ ሆነ። ሕጉም 400 ዓመት ያህል ጸንቶ ኖረ።

ይህ ታላቅ እርምጃ ሌላም ገጽታ ነበረው። የጠማቂዎች ማኅበር የብቅሉን ጥራት ተቆጣጠረ፣ ደቀ መዝሙር አሠለጠነ፣ የሞተበትን ቤተሰብ ረዳ። በአንጻሩ ግን በሩን ከውስጥ ዘጋ። ቢራ ጠምቆ መሸጥ የማኅበሩ አባላት መብት ሲሆን፣ ለጎረቤቷ ጥቂት ገንቦ ትሸጥ የነበረችው ሴት ቀስ በቀስ ከሙያዋ ውጭ ሆነች። የባሏን መጥመቂያ ቤት የምትቀጥል መበለት አትጠፋም ነበር፤ በራሷ ስም ጠማቂ ሆና መቆም ግን እየከበደ ሄደ። ነገሩን የበለጠ የሚያስገርመው ኮሎኝ ሴቶች የራሳቸው የሙያ ማኅበር ከነበራቸው ጥቂት የኤውሮፓ ከተሞች አንዷ መሆኗ ነው። የክር ሠሪ ሴቶች ማኅበር በ1397፣ የሐር ሠሪ ሴቶች ማኅበር በ1437 ሕጋዊ ሆነዋል። በጥንት ጊዜ በዋናነት የሴቶች በነበረው የጠመቃ ሙያ ግን እንዲህ ያለ ማኅበር አልተቋቋመም። ጌታን የጣለ ሁሉ በርን ለሁሉ ይከፍታል ማለት እንዳልሆነ የ1396 ታሪክ ያስተምራል።

የሁለት እርሾዎች ፉክክር

የኮልሽን ምንነት ለመረዳት የእርሾን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የጥንቱ ቢራ እርሾ ሞቅ ባለ ስፍራ፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት፣ ፈጥኖ ያብላላል፤ ሲያብላላም ከአረፋው ጋር ወደ ጋኑ አፍ ይወጣል። ስለዚህ «የላይ እርሾ» ይባላል። ሌላው ዓይነት ቅዝቃዜን ችሎ ከ10 ዲግሪ በታች በዝግታ ይሠራል፤ በመጨረሻም ከጋኑ ግርጌ ይረጋል። ይህም «የታች እርሾ» ነው። የዘመናችን ሳይንስ እንዳረጋገጠው የታች እርሾ የሁለት ዝርያዎች ዲቃላ ነው። አንደኛው ወላጅ የጥንቱ የላይ እርሾ ሲሆን፣ ሁለተኛው ብርድ የለመደ የዱር እርሾ መሆኑ በ2011 በደቡብ አሜሪካ በፓታጎንያ ደኖች በተደረገ ምርምር ታውቋል።

የታች እርሾ ቤቱን የሠራው በባቫሪያ ነው። በ1516 የባቫሪያ መስፍኖች ቪልሄልም አራተኛና ሉድቪግ አሥረኛ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውኃ በስተቀር ምንም እንዳይገባበት በኢንጎልሽታት ደነገጉ። እርሾ በድንጋጌው አልተጠቀሰም፤ ምንነቱ ገና አይታወቅም ነበርና። በ1553 ደግሞ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ መጥመቅ በዚያው አገር ተከለከለ። ጠመቃው በብርዱ ወራት ብቻ እንዲሆን በመደረጉ ቅዝቃዜ የማይችለው እርሾ ተሸነፈ፤ የታች እርሾም የአገሩ ጌታ ሆነ።

ኮሎኝ የሄደችበት መንገድ ግን የተለየ ነበር። የራይን ሸለቆ ክረምቱ ለስላሳ ነው፤ በረዶ ቆርጦ በጓዳ ማከማቸትም እንደ ተራራማው አገር አይመችም። ከደቡብ የመጣው የታች እርሾ ቢራ ገበያውን መሻማት ሲጀምር፣ የከተማይቱ ምክር ቤት በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በታች እርሾ መጥመቅን ከለከለ። ክልከላው ሁለት ጠባይ ነበረው። በአንድ በኩል ሙያን መጠበቅ፣ በሌላ በኩል የማኅበሩን ጥቅም ማስጠበቅ ነበር። ያም ሆነ ይህ የላይ እርሾ በኮሎኝ እንዲሰነብት ያደረገው አየሩና ሕጉ በአንድነት ነው።

የእንፋሎት ዘመን

በ1794 የፈረንሳይ አብዮት ሠራዊት ኮሎኝን ያዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የሙያ ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ገንዘብ ያለው ሁሉ የመጥመቅ ነፃነት አገኘ። በ1815 ከተማይቱ ለፕሩሲያ ተሰጠች። የማኅበር አጥር በመፍረሱ ግን የቤት ጠማቂዋ ወደ ሙያዋ አልተመለሰችም። የገባው ካፒታል ነው።

በ1842 ዮሴፍ ግሮል የተባለ ባቫሪያዊ ጠማቂ በቦሄሚያዋ በፒልዘን ከተማ ፈዘዝ ካለ ብቅል፣ ከለስላሳ ውኃና ከታች እርሾ ወርቃማ ቢራ አወጣ። ከዚያ በፊት ብቅል በጭስና በቀጥተኛ እሳት ስለሚደርቅ የአብዛኛው ቢራ መልክ ጠቆር ያለ ነበር። ብቅሉ እሳት በማይነካው ሙቅ አየር መድረቅ ሲጀምር የቢራው ቀለም ገረጣ። የባቡር ሐዲድ ይህን አዲስ ቢራ ከአገር አገር አደረሰው። በ1870ዎቹ ካርል ፎን ሊንደ የማቀዝቀዣ መሣሪያን ሠርተው በቢራ ፋብሪካዎች ላይ ሥራ አስጀመሩ። በ1876 ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። በ1883 ኤሚል ክርስቲያን ሐንሰን በኮፐንሃገኑ የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ንጹሕ እርሾን ከአንዲት ሕዋስ ማራባት ቻሉ። ከዚህ በኋላ የታች እርሾ ቢራ ክረምት ከበጋ፣ በማንኛውም አገር፣ በብዛትና በአንድ ዓይነት ጣዕም የሚመረት ሆነ። በኮሎኝም ሳይቀር ብዙ መጥመቂያ ቤቶች ወደዚሁ ዞሩ።

የላይ እርሾ ጠማቂዎች ሁለት ምርጫ ነበራቸው፤ እንደ አያቶቻቸው ደፍራሹን መጠጥ እየጠመቁ ገበያ ማጣት፣ ወይም ከተፎካካሪያቸው መማር። እነርሱም የራሳቸውን እርሾ ሳይለቁ ፈዘዝ ያለውን ብቅል ከፒልዘን፣ ቅዝቃዜውን ከሊንደ መሣሪያ ተዋሱ። ቢራውን በላይ እርሾ ሞቅ ባለ ስፍራ ካብላሉ በኋላ ለሳምንታት በብርድ አሳድረው አጠሩት። «ቪስ» ይባል የነበረው ያልተጣራ ቢራ በዚህ ዓይነት ወደ ጥሩ ወርቃማ መጠጥ ተለወጠ። በከተማይቱ የሚገኘው የዙነር መጥመቂያ ቤት ከ1906 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ቢራ ይጠምቅ የነበረ ሲሆን፣ ኮልሽ የሚለው ስም ለዚህ ቢራ በይፋ የተሰጠው በ1918 ነው። እንግዲህ «ጥንታዊ» የሚባለው ኮልሽ የአሮጌ እርሾና የአዲስ መሣሪያ ልጅ ነው።

እሳትና ትንሣኤ

በ1942 ከግንቦት 30 ለ31 አጥቢያ ከ1,000 በላይ የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላኖች በአንዲት ሌሊት ኮሎኝን ደበደቡ። ጦርነቱ ሲያበቃ ካቴድራሉ ቆስሎ ቆሞ ነበር፤ በዙሪያው ያለው አሮጌው ከተማ ግን ፍርስራሽ ነበር። ከጦርነቱ በፊት ከ40 በላይ ከነበሩት መጥመቂያ ቤቶች ሥራ ላይ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሕዝቡ ቤቱን ሲሠራ መጠጡንም አብሮ ሠራ። ከፍርስራሹ ውስጥ የተነሡት ጠማቂዎች ከሌላው ጀርመን ቢራ የሚለዩበት የራሳቸው የሆነ ነገር ያስፈልጋቸው ነበር፤ ኮልሽ የከተማይቱ ሁሉ ቢራ የሆነው በዚያ ዘመን ነው።

የመጠጫ ቤቱ ወግም የዚሁ ባህል ክፍል ነው። ኮልሽ የሚቀዳው 0.2 ሊትር በሚይዝ ቀጥ ያለ ቀጭን ብርጭቆ ነው። «ከበስ» የሚባለው አስተናጋጅ ባዶ ብርጭቆ ባየ ቁጥር ሳይጠየቅ ሙሉውን ይተካል፤ በብርጭቆው ማስቀመጫ ካርቶን ላይም በእርሳስ ጭረት ይመዘግባል። ጠጪው በቃኝ የሚለው ካርቶኑን በብርጭቆው አፍ ላይ በመክደን ነው። ሠራተኛውና ሹሙ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በአንድ ዓይነት ብርጭቆ የሚጠጡበት ወግ ነው።

በ1986 24 ጠማቂዎች የኮልሽ ስምምነት የተባለውን ሰነድ ፈረሙ። ኮልሽ ፈዘዝ ያለ፣ የጠራ፣ ሆፕሱ የሚሰማ፣ በላይ እርሾ የተጠመቀ ቢራ መሆኑ ተደነገገ፤ ስሙም የኮሎኝና ቀድሞ መብት ያገኙ የአካባቢዋ ጠማቂዎች ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። በ1997 የኤውሮፓ ኅብረት ስሙን በትውልድ ስፍራው ጠበቀው። ሰነዱ ስሙን ከአስመሳይ አድኖታል። ይሁን እንጂ ስምን መጠበቅ ሙያን መጠበቅ ማለት ብቻውን አይደለም። ከዚያ ወዲህ መጥመቂያ ቤቶች እየተጠቃለሉ በመሄዳቸው፣ ቀድሞ በየራሳቸው ጋን ይጠመቁ የነበሩ ብዙ ስሞች ዛሬ በአንድ ፋብሪካ ጣሪያ ሥር ይጠመቃሉ። ምልክቱ ብዙ ነው፤ የጠማቂው እጅ ግን ጥቂት ነው።

ሙያው ወደ ቤት ሲመለስ

ሙያው ሳይታሰብ የተመለሰው ወደ ተነሣበት ወደ ማጀት ነው። በአሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 የቆየው የመጠጥ ክልከላ ሲነሣ ቢራን በቤት መጥመቅ በሕግ ሳይፈቀድ ቀርቶ ነበር። በ1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በፈረሙት ሕግ አንድ ጎልማሳ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ጎልማሶች ያሉበት ቤተሰብ 200 ጋሎን ድረስ ለራሱ ያለ ግብር እንዲጠምቅ ተፈቀደ። በጀርመንም ለቤት ፍጆታ የሚጠመቅ 200 ሊትር ቢራ ከግብር ነፃ ሆኖ ሲሠራበት ከቆየ በኋላ፣ ከ2024 ጀምሮ መጠኑ ወደ 500 ሊትር ከፍ ብሏል። የጥንቷ ጠማቂ ከግሩት ጌታ ለማግኘት ያልቻለችው መብት ይህ ነው።

ሥራውም በመሠረቱ ያው የጥንቱ ሥራ ነው። ለ20 ሊትር ቢራ 4 ኪሎ ያህል ፈዘዝ ያለ የገብስ ብቅል ይበቃል፤ ጥቂት የስንዴ ብቅል የሚጨምሩም አሉ። የተከካው ብቅል በ65 ዲግሪ ገደማ በሚገኝ ውኃ ለአንድ ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ በዚህ ጊዜ የእህሉ ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል። ጭማቂው ተጠልሎ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈላል፤ ሆፕሱ በዚህ ጊዜ ይገባል። ከዚያ ፈጥኖ እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ በ15 ዲግሪ አካባቢ እርሾ ይጣልበታል። በሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ አብላልቶ ሲያበቃ ወደ በረዶ በተጠጋ ቅዝቃዜ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ያድራል። አልኮሉ ከመቶ 5 ገደማ ይሆናል።

ነገሩ ሲነገር የቀለለውን ያህል ሲሠራ ቀላል አይደለም። ጥቁር ቢራ ጉድለቱን በተቆላ ብቅል ጣዕም ይሸፍናል፤ ኃይለኛ ቢራ በአልኮሉ ይሸፍናል። ኮልሽ ግን የሚሸሸግበት ጥላ የለውም። ያልታጠበ ዕቃ፣ የሞቀ ጓዳ፣ የተቻኮለ እጅ ሁሉ በብርጭቆው ውስጥ ይታያል። ስለዚህም የቤት ጠማቂዎች የሙያቸው መፈተኛ አድርገው ይቆጥሩታል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የቤት ጠማቂው የሚጠቀምበት ንጹሕ እርሾ የሐንሰን ላቦራቶሪ ፍሬ ነው፤ ቢራውን የሚያሳድርበት ማቀዝቀዣ የሊንደ መሣሪያ ዘር ነው። ፋብሪካው የቤት ጠመቃን ያጠፋበት መሣሪያ ራሱ ተመልሶ የቤት ጠመቃን አሥነሣ። የምርት መሣሪያ በራሱ የሕዝብ ወዳጅም ጠላትም አይደለም፤ ወሳኙ በማን እጅ እንደሚገኝ ነው።

የኮሎኝ ቢራ ታሪክ የሚያስገነዝበው ቁም ነገር በሁለት ቃል ሊጠቃለል ይችላል፤ መጠበቅና መማር። ጠማቂዎቹ እርሾአቸውን ባይጠብቁ ኖሮ ኮልሽ አይኖርም ነበር። ከጠላታቸው ብቅልና ቅዝቃዜ ባይማሩ ኖሮም አይኖርም ነበር። ባህል ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። እርሾ በየጠመቃው እየተመገበ ካልታደሰ እንደሚሞት ሁሉ፣ ባህልም በየትውልዱ እጅ ካልተሠራበት ይሞታል። ከማጀት ተገፍትራ የወጣችው ጠማቂ ስሟ በታሪክ መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ ዛሬ በኮሎኝ ብርጭቆ አፍ ላይ የሚታየው ነጭ አረፋ ግን የእርሷ እርሾ ያነሣው ነው።